የድሮ ሬዲዮ ከመሰካቱ በፊት

ከአያት የተወረሰ ባለ እንጨት ሬዲዮ ከዕቃ ቤት ወጥቶ አቧራው ሲጠረግ፣ የሁሉም ሰው እጅ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ገመዱ ነው። «እስቲ ይሠራ እንደሆነ እንየው» ይባልና ይሰካል። ሠላሳና አርባ ዓመት ዝም ብሎ የተቀመጠ ቫልቭ ሬዲዮ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በተቀመጠበት ዘመን አይደለም፤ በዚያች ሰዓት ነው። አንዳንዱ እንዲያውም መብራቱ በርቶ፣ ድምፅ አሰምቶ፣ ቤተሰቡን ሁሉ ካስደሰተ በኋላ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይጨሳል። የተቃጠለው ትራንስፎርመር ደግሞ ዛሬ ከገበያ በቀላሉ አይገኝም። ስለዚህ ምክሬ አንድ ነው፤ አይሰኩት። መጀመሪያ ይክፈቱት።

ቫልቭ የምንለው አየር የወጣለት የብርጭቆ ቱቦ ነው። ውስጡ ያለው ሽቦ ሲግል፣ ካቶድ የተባለው ክፍል ኤሌክትሮን ይለቃል፤ ኤሌክትሮኑም ከፍተኛ ቮልቴጅ ወደተሰጠው አኖድ ይሄዳል። በሁለቱ መካከል ግሪድ የሚባል የቀጭን ሽቦ ወንፊት አለ። ግሪዱ ላይ የሚደርሰው ትንሽ የቮልቴጅ ለውጥ ትልቁን ፍሰት ይቆጣጠራል፤ ደካማው ምልክት ጎልቶ የሚሰማውም በዚህ ነው። ትራንዚስተር በ1947 እ.ኤ.አ. ተፈልስፎ ቦታውን ቀስ በቀስ እስኪወስድ ድረስ አብዛኛው ሬዲዮ በዚህ መንገድ ነበር የሚሠራው። በ1955 ዓ.ም ብሥራተ ወንጌል ከአዲስ አበባ ማሰራጨት ሲጀምር እንኳ ፊሊፕስ፣ ግሩንዲግና ቴሌፉንከን የመሳሰሉት ባለ ቫልቭ ሬዲዮዎች ገና በሥራ ላይ ነበሩ።

የጀርባው ክዳን ሲከፈት መጀመሪያ መታወቅ ያለበት፣ ሬዲዮው የመብራት መስመሩን ዕቃዎቹ ከተገጠሙበት የብረት ሻንሲ የሚለይ ትራንስፎርመር አለው ወይስ የለውም የሚለው ነው። ይህ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነው። ርካሾቹ ሬዲዮዎች በኤሲም በዲሲም እንዲሠሩ ሲባል ያለ ትራንስፎርመር ይሠሩ ነበር፤ በእነዚህ ላይ ከመብራቱ ሽቦዎች አንዱ በቀጥታ ከብረት ሻንሲው ጋር ይያያዛል። ባለ ሁለት እግር ሶኬት ተገልብጦም ስለሚገባ፣ ሻንሲው 220 ቮልት ተሸክሞ ሊቀመጥ ይችላል። ማዞሪያውን የያዘችው ትንሽ ብሎን እንኳ ሰው ልትይዝ ትችላለች። ቫልቮቹ ላይ የተጻፈውን ያንብቡ። የአብዛኞቹ ስም በ«ዩ» የሚጀምር ከሆነ፣ ለምሳሌ ዩሲኤች81ና ዩሲኤል82 ካሉት፣ ማሞቂያ ሽቦዎቻቸው በተከታታይ ታስረው በ100 ሚሊአምፔር የሚሠሩ ናቸው ማለት ነው፤ ሻንሲውንም እንደ መብራት ሽቦ ይቁጠሩት። በ«ኢ» የሚጀምሩት፣ እንደ ኢሲኤች81ና ኢኤል84 ያሉት፣ በ6.3 ቮልት ይሞቃሉ፤ ባብዛኛውም ትራንስፎርመር ያለው ሬዲዮ ውስጥ ይገኛሉ። ሆኖም በስም ብቻ አይተማመኑ። ሶኬቱ ከግድግዳው ተነቅሎ፣ የሬዲዮው ማብሪያ በርቶ፣ ከሶኬቱ እግሮች እስከ ሻንሲው ያለውን በሜትር ይለኩ። ሜትሩ ግንኙነት ካሳየ ያ ሬዲዮ አይሶሌሽን ትራንስፎርመር ላለው ባለሙያ የሚተው ሥራ ነው፤ በጠረጴዛ ላይ በድፍረት የሚነካካ አይደለም።

ሬዲዮው ከተነቀለም በኋላ ትልልቆቹ ካፓሲተሮች ከ250 ቮልት በላይ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። ጥቂት ኪሎኦም ባለው ሬዚስተር አራግፎ፣ በሜትር ዜሮ መሆኑን አይቶ ነው እጅ የሚገባው። በካቻቢቴ ብልጭ አድርጎ ማራገፍ የተለመደ ቢሆንም ካፓሲተሩንም ይጎዳል፣ ለዓይንም ጥሩ አይደለም። ከዚያ ከኋላ ያለውን የቮልቴጅ መምረጫ ይመልከቱ። ከ110 ጀምሮ ብዙ ቁጥር አለው፤ ከውጭ የመጣ ሬዲዮ በ125 ላይ እንደተቀመጠ እኛ አገር መብራት ላይ ከተሰካ ውጤቱ የታወቀ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። ሰው ሁሉ «ቫልቩ ነው የሞተው» ይላል። ቫልቭ ግን ጠንካራ ነገር ነው፤ ሳይሠራ በተቀመጠበት ዘመን እምብዛም አይጎዳም። ጊዜ የሚበላው ካፓሲተርን ነው፤ በተለይ በሰም ወይም በሬንጅ የታሸገውን የወረቀት ካፓሲተር። ወረቀቱ በዘመን ብዛት እርጥበት ይስባል፤ ዲሲ ማገድ የነበረበት ዕቃ ዲሲ ማሳለፍ ይጀምራል። ከሁሉም ይልቅ አደገኛዋ ከመጨረሻው የድምፅ ቫልቭ ግሪድ ጋር የተያያዘችው ናት፤ ብዙውን ጊዜ 0.01 ወይም 0.02 ማይክሮፋራድ የሆነች ትንሽ ካፓሲተር። በአንድ በኩል ከፊተኛው ቫልቭ አኖድ ጋር ስለምትገናኝ ወደ መቶ ቮልት ገደማ ይጠብቃታል፤ በሌላ በኩል ያለው ግሪድ ደግሞ ዜሮ ላይ መቆየት አለበት። እሷ ማፍሰስ ስትጀምር ግሪዱ ፖዘቲቭ ይሆናል፣ የድምፁ ቫልቭ ከአቅሙ በላይ ከረንት ይጎትታል፣ የድምፁ ትራንስፎርመር ይግላል፣ ኤሲውን ወደ ዲሲ የሚለውጠው ሬክቲፋየርም ይደክማል። ያ ግማሽ ሰዓት ሠርቶ የጨሰው ሬዲዮ ታሪኩ ይኸው ነው። ድምፁ መጀመሪያ ጥሩ ሆኖ እየሞቀ ሲሄድ መሰባበር ከጀመረ፣ ወዲያው አጥፍተው መጀመሪያ እሷን ይጠርጥሩ።

ስለዚህ የወረቀት ካፓሲተሮቹን ከመሰካት በፊት መቀየር ነው። በተመሳሳይ ማይክሮፋራድ፣ 630 ቮልት በሚችል የፕላስቲክ ፊልም ካፓሲተር ይተካሉ። አንዱን ነቅሎ ሌላውን መበየድ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው መሄድ ይሻላል፤ ሁሉንም በአንዴ የነቀለ ሰው የትኛው የት እንደነበረ ሲፈልግ ይውላል። ከመንቀልዎ በፊት በስልክ ፎቶ ያንሱ። ሴራሚኮቹንና ማይካዎቹን ባብዛኛው አይንኩ፤ ዕድሜ ብዙም አይጎዳቸውም። በመብራቱ ገመድ መግቢያ ላይ ያለችው ካፓሲተር ግን የተለየች ናት፤ በተራ ካፓሲተር አትተካም። ለመብራት መስመር ተብለው በተሠሩት ብቻ ትቀየራለች፤ በሁለቱ ሽቦዎች መካከል ከሆነች ኤክስ2 የሚባለው፣ ከሽቦው ወደ ሻንሲው ከሆነች ዋይ2 የሚባለው ደረጃ ይፈለጋል። ትልልቆቹ ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተሮች ካበጡ፣ ከሥራቸው ካንጠባጠቡ ወይም ሲሠሩ ከሞቁ ይለወጣሉ። አሮጌውን ጣሳ ለመልኩ ሲባል በቦታው ትቶ አዲሶቹን ከሻንሲው ሥር መበየድ ይቻላል፤ አሮጌው ግን ከሰርኪዩቱ መቆረጥ አለበት።

አሁን ይሰካል፤ ግን በቀጥታ አይደለም። 60 ዋት የሆነ የድሮው ባለ ሽቦ አምፖል ከሬዲዮው ጋር በተከታታይ ይታሰራል፤ ኤልኢዲ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ሬዲዮው ሲበራ አምፖሉ ቦግ ብሎ ቀስ እያለ ከደበዘዘ ደህና ነው። እንደደመቀ ከቀረ ውስጥ ሾርት አለ፤ ይነቀላል። እንዲህ ሲሆን የተቃጠለ ነገር የለም፤ ከመጠን ያለፈውን ከረንት አምፖሉ ይዞታል። ስፒከሩ ሳይያያዝ ግን ፈጽሞ አይሞከር፤ ያለ ስፒከር የሚሠራ የድምፅ ትራንስፎርመር ሊበሳ ይችላል።

አምፖሉ ደህና ነው ካለ በኋላ ሬዲዮው በቀጥታ ተሰክቶ፣ አንድ እጅ ከጀርባዎ ሆኖ፣ በሌላው ሜትር ይዞ ይለካል። የድምፁ ቫልቭ ኢኤል84 ከሆነ ከሥር ሲታይ በእግሮቹ መካከል ካለው ሰፊ ክፍተት ጀምሮ በሰዓት አቆጣጠር አቅጣጫ ይቆጠራል። ሁለተኛው እግር ግሪድ፣ ሦስተኛው ካቶድ ነው። ግሪዱ ላይ ከሻንሲው አንጻር ፖዘቲቭ ቮልት መኖር የለበትም። ካቶዱ ላይ፣ ሬዚስተሩ እንደተለመደው ከ135 እስከ 150 ኦም ገደማ ከሆነ፣ 7 ቮልት አካባቢ ይጠበቃል። 11 ወይም 12 ካነበበ ቫልቩ ከመጠን በላይ እየጎተተ ነው። ግሪዱ ፖዘቲቭ ከሆነ ሬዲዮውን ነቅለው፣ የካፓሲተሯን አንድ እግር ፈትተው እንደገና ይለኩ። ቮልቱ ከጠፋ ጥፋቱ የካፓሲተሯ ነበር። ካልጠፋ ቫልቩ ራሱ ውስጡ ጋዝ ገብቶበታል። ይህ አንድ ልኬት ከብዙ ግምት ያድናል፤ ከሁሉም ልኬት አስቀድሜ የማስተምረውም እሱን ነው።

ከዚህ በኋላ ብልሽት ፍለጋው በጆሮ ይሄዳል። ዝቅ ያለ እምምታ እንኳ ከሌለ ከፍተኛው ቮልቴጅ ጠፍቷል፣ ወይም የድምፁ ትራንስፎርመር ተበጥሷል። እምምታው ከፍ ብሎ የድምፅ ማዞሪያው ዝቅ ሲል የማይቀንስ ከሆነ የኤሌክትሮሊቲኮቹ ነገር ነው። ድምፅ መጨመሪያውን እስከ መጨረሻ ከፍተው፣ እጀታው በደንብ የተሸፈነ ካቻቢቴ ጫፍ በማዞሪያው መካከለኛ እግር ላይ ሲያስነኩ ጉርምርምታ ከተሰማ፣ የድምፁ ክፍል ጤነኛ ነው፤ ችግሩ ጣቢያ ከሚይዘው ክፍል ነው። በዚያ ክፍል ውስጥ የራሱን ሞገድ የሚያመነጨው ኦስሌተር መሥራቱን ለማወቅ ሌላ ትንሽ ትራንዚስተር ሬዲዮ ይበቃል። አሮጌውን በመካከለኛ ሞገድ 1000 ኪሎኸርትዝ ላይ ያድርጉ፣ ትንሹን አጠገቡ አስቀምጠው 1455 አካባቢ ላይ ወዲያ ወዲህ ያዙሩ። ጭረቱ በድንገት ዝም የሚልበት ወይም ፉጨት የሚሰማበት ቦታ ካገኙ ኦስሌተሩ ሕያው ነው። ልዩነቱ የ455 ኪሎኸርትዙ መካከለኛ ፍሪኩዌንሲ ነው፤ ጀርመኖቹ ብዙ ጊዜ 460 ስለሚጠቀሙ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ሊገኝ ይችላል።

ጣቢያ አልያዝ ሲል የብዙ ሰው ስህተት በቆርቆሮ ሣጥኖቹ ውስጥ ያሉትን የጥቅል ሽቦዎች ብሎኖች ማዞር ነው። እባክዎ አይንኩ። ከፋብሪካ የተስተካከሉ ናቸው፤ በራሳቸው ብዙም አይዛነፉም። አንዴ ከተዛነፉ ያለ መሣሪያ መመለስ ጭንቅ ነው፤ በካቻቢቴ ጫፍ የተሰበረ ፌራይት ደግሞ መልስ የለውም። ይልቅ የሞገድ መቀየሪያውንና የቫልቮቹን እግሮች በኮንታክት ማጽጃ መጥረግ ብዙ «የሞተ» ሬዲዮ ያስነሣል።

ቫልቩንም ለማየት ዓይን ይበቃል። ከብርጭቆው አናት ውስጥ እንደ መስታወት የሚያበራ የብር ቀለም ካለ አየር አልገባም። ያ ቦታ ወተት የመሰለ ነጭ ከሆነ ብርጭቆው ተሰንጥቆ አየር ገብቷል፤ ያ ቫልቭ አበቃ። በእርጅና በእርግጥ የሚደክመው አረንጓዴው ዓይን ነው፤ ጣቢያ ሲያዝ የሚጠበውና የሚሰፋው። ሬዲዮው ግን ያለ እሱም ይሠራል።

ሣጥኑን ቸኩሎ ቫርኒሽ መቀባት አያስፈልግም። የተላቀቀ ኮምፔርሳቶ በኮላ ይያዝ፣ እንጨቱም በትንሹ በረጠበ ጨርቅ ይጸዳ። የጣቢያ ስም ያለበትን መስታወት ከኋላው በውኃም በአልኮልም አይጥረጉ፤ ጽሑፉ ታጥቦ ይወርዳል፤ ደግሞም አይመለስም።

በመጨረሻ የሚነሣው ጥያቄ «ዛሬ ምን ይሰማበታል?» ነው። የጀርመኖቹ ሬዲዮዎች እዚህ ላይ ይጠቅማሉ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጀርመን በኮፐንሃገኑ የ1948 እ.ኤ.አ. ድልድል የመካከለኛ ሞገድ ድርሻዋ ስለጠበበ፣ በ1949 እ.ኤ.አ. ወደ ኤፍኤም ዞረች፤ ከዚያ በኋላ በወጡት ብዙዎቹ ላይ «ኡካቬ» የሚል ቁልፍ አለ። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. የተሠሩት ግን ባብዛኛው 100 ሜጋኸርትዝ ላይ ያልቃሉ። አዲስ አበባ ላይ እንዲህ ያለው ሬዲዮ ኤፍኤም አዲስ 97.1ንና ፋና 98.1ን ይይዛል፤ ሸገር 102.1 ግን ከመስመሩ ውጭ ነው። ለእሱ ሲባል የሬዲዮውን ኤፍኤም ክፍል ፈትቶ ማዛነፍ አይመከርም፤ ከኋላው ያለው የፒክአፕ መግቢያ ከትንሽ ኤፍኤም መቀበያ ወይም ከስልክ የሚመጣውን ድምፅ በዚያው ቫልቭና በዚያው ትልቅ ስፒከር ያጫውታል። ይህም የሚደረገው፣ በሜትር ተለክቶ ሻንሲው ከመብራት መስመሩ የተለየ መሆኑ በተረጋገጠ ሬዲዮ ላይ ብቻ ነው።