ቴአትር ቤትን ማንበብ፦ ከሶለል ሜዳ እስከ ብሔራዊ ቴአትር



የዛሬው ንግግሬ አንድን ታሪካዊ ቴአትር ቤት እንዴት እንደምንጎበኝ ያብራራል። ጉብኝት ስል ትኬት ቆርጦ ተውኔት ማየትን ብቻ ሳይሆን ሕንፃውን ራሱን እንደ ድርሰት ማንበብን ማለቴ ነው። ምሳሌዬ አዲስ አበባ የሚገኘው የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቴአትር ሲሆን፣ ማነጻጸሪያዬ የተወለድሁበት የራያ ቆላ ነው። ከቆቦ የመጣ ሰው ስለ ቴአትር ቤት ምን ሊነግረን ይችላል የሚል ካለ፣ ጨዋታን አስቀድሞ ያለ ቤት ያወቀ ሰው ቤቱ የሚጨምረውንና የሚቀንሰውን ለይቶ ለማየት ይቀለዋል እላለሁ።

በመጀመሪያ ታሪኩን በአጭሩ እንመልከት። ዘመናዊው ተውኔት በአገራችን የጀመረው የራሱ ቤት ሳይኖረው ነው። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጻፉት የአውሬዎች ኮሜዲያ የታየው በሆቴል አዳራሽ ነበር። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገር ፍቅር ማኅበርም በወረራው ዋዜማ ሕዝቡን በንግግርና በዜማ ለመቀስቀስ የተቋቋመ እንጂ ለቴአትር ጥበብ ብቻ የታሰበ አልነበረም። ብሔራዊ ቴአትር የምንለው ሕንፃ በጣሊያን ወረራ ዘመን ለሲኒማ ቤት ተብሎ ተጀምሮ ሳይጠናቀቅ የቀረ ነው። ከነጻነት በኋላ ፈረንሳዊው አርክቴክት አንሪ ሾሜት መልኩን ለውጠው ሠሩትና፣ በ1948 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ የተጫነበት 25ኛ ዓመት ሲከበር «ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር» ተብሎ ተመረቀ። የዛሬውን ስሙን ያገኘው ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ነው። ስለዚህ ወራሪ የጀመረው፣ ንጉሥ ያስመረቀው፣ አብዮት ስሙን የለወጠው አንድ ሕንፃ ከፊታችን ቆሟል ማለት ነው።

ንባባችንን ከደጅ እንጀምር። በቴአትር ቤቱ ፊት የቆመው አንበሳ የፈረንሳዊው ቀራፂ የሞሪስ ካልካ ሥራ ነው። ይህን አንበሳ ከዚያ በእግር ከሚደረሰው ከለገሀሩ አንበሳ ጋር አስተያዩት። የለገሀሩ በ1923ቱ የንግሥ በዓል ጊዜ የቆመ፣ የእንስሳውን አካል እንዳለ የሚያሳይ ነው። የካልካው ግን በቀጥታ መስመሮችና በጂኦሜትሪ ቅርጾች የተዋቀረ ነው። ሁለቱም የይሁዳ አንበሳ ናቸው፤ በ25 ዓመት ውስጥ ግን ዘውዱ ስለ ራሱ የሚናገርበት ቋንቋ ተለውጧል። ፊተኛው ዘውዱ ጥንታዊ መሆኑን ሲያውጅ፣ ኋለኛው ያው ጥንታዊ ዘውድ ዘመናዊም መሆኑን ያውጃል። ጌጥ ለውበት ብቻ አይቀመጥም የምለው ለዚህ ነው።

ቀጥላችሁ ወደ አዳራሹ ግቡ። ወንበሮቹ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ያያሉ፤ መድረኩ ከፍ ብሎ በክፈፍና በመጋረጃ ተለይቷል። ይህ አሠራር ከአውሮፓ የመጣ ነው። በ1778 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የሚላኑ ላ ስካላ ተመልካቹን በፈረስ ኮቴ ቅርጽ በተደረደሩ ሰገነቶች ያስቀምጣል። እንዲህ ባለው ቤት መኳንንቱ መድረኩን የሚያዩትን ያህል እርስ በርሳቸው ይተያያሉ፤ የወንበሩ ቦታም የማዕረግ ሠንጠረዥ ይሆናል። ማን የት እንደሚቀመጥ የሚወስነው ሕንፃው ነው።

አሁን ወደ ራያ ቆላ እንመለስ። ነሐሴ 16 ቀን ፍልሰታ ሲፈታ የቆቦና የአካባቢው ልጃገረዶች ሶለልን ይጫወታሉ። ከበሮ ይዘው፣ በቡድን ሆነው፣ ከደጅ ደጅ እየዞሩ ያዜማሉ፤ ባለቤቱም ስጦታ ሰጥቶ ይመርቃቸዋል። ልዩነቱን ልብ በሉ፦ በቴአትር ቤት ሰው ወደ ጨዋታው ይሄዳል፤ በሶለል ጨዋታው ወደ ሰው ይመጣል። አንዷ ታወርዳለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፤ ዳር የቆመውም ያጨበጭባል፣ ይቀበላል። በክቡ ውስጥ ፊትና ኋላ የለም፤ ተመልካችና ተጫዋችን የሚለይ መጋረጃም የለም።

ከዚህ ተነሥቶ ክቡ መልካም፣ ክፈፉ መጥፎ ነው የሚል አይጠፋም። ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። የብሔራዊ ቴአትር መክፈቻ የራስ ቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ነበር። የመጽሐፍ ቅዱሱን ታሪክ ታውቁታላችሁ፤ ንጉሥ የወታደሩን ሚስት ወስዶ ባልየውን ለሞት ይልከዋል፣ ነቢዩ ናታንም በምሳሌ ይገሥጸዋል። ይህ የንጉሥ በደል የሚነገርበት ታሪክ በንጉሥ ስም በተሰየመ ቤት፣ በንጉሥ በዓል ታየ። በአደባባይ ፊት ለፊት ቢነገር ድፍረት የሚሆን ነገር በመድረክ ላይ ታሪክ ሆኖ ይሰማል። የመድረኩ ርቀት ለቃሉ ከለላ ይሆነዋል፤ ጸጥታውም ረጅም ነገርን እስከ መጨረሻው ለመስማት ያስችላል። ክቡ ይህን በቀላሉ አይሰጥም።

እንግዲህ ጥያቄው የእኛ ይሆናል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ሶለል በአዳራሽና በበዓል መድረክ ላይ መቅረብ ጀምሯል። ያን ጊዜ ክቡ ተዘርግቶ ረድፍ ይሆናል፤ ልጃገረዶቹ ፊታቸውን ወደ ክብር እንግዶች ያዞራሉ፤ ተቀባዩ ሕዝብ ዝም ብሎ ተመልካች ይሆናል። ይህን የወሰነ የጥበብ ሰው የለም፤ የወሰነው የአዳራሹ አሠራር ነው። ዜማው ቢቀረጽም መቀባበሉ ከጠፋ፣ የተረፈን ግማሹ ብቻ ነው። ነገ በየከተማችን አዳራሽ የሚነድፉት፣ የሚያስነድፉትና በጀት የሚያጸድቁት ዛሬ በዚህ የተቀመጡ ተማሪዎች ናቸው። ወንበሩ የሚነሣበት፣ መድረኩ ወደ መካከል የሚመጣበት፣ ለተውኔቱ ክፈፍ ለሶለል ክብ የሚሆን አዳራሽ መሥራት ከጥበብም ከአቅምም በላይ አይደለም።

ስለዚህ ብሔራዊ ቴአትርን ስትጎበኙ ሦስት ነገር መዝግቡልኝ። ጌጡ ለማን እንደሚናገር፣ ወንበሩ ማንን ከማን እንደሚያቀራርብና እንደሚያርቅ፣ በመጨረሻም እናንተ እዚያ ተቀምጣችሁ ምን ማድረግ እንደማትችሉ። ሦስተኛውን የምትመልሱት ሶለልን አስባችሁ ነው።