የስልክ ባትሪ ሲደክም፦ እቤት የሚቀየረው የትኛው ነው? የማይነካውስ?

በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ በኮሪደር ልማቱ ሲፈርስ የሰፈሩ ሰው ተበታተነ። ገሚሱ ገላን ጉራ ገባ፣ ገሚሱ ወደ ሌላ ሰፈር ሄደ፣ ጥቂቱ እዚያው ቂርቆስ ውስጥ ቤት ተከራየ። ድሮ በአጥር ላይ ይጠራራ የነበረ ጎረቤት ዛሬ የሚገናኘው በስልክ ነው። የዕድር ጥሪ በስልክ ይመጣል፣ ለቅሶ በስልክ ይሰማል፣ የመብራት ሂሳብ በቴሌብር ይከፈላል። ሌሊት የሚያጣጥር ሰው ቢኖር አምቡላንስ የሚጠራውም በዚሁ ስልክ ነው። እናም የአያት ስልክ ጠዋት ሞልቶ እኩለ ቀን ላይ የሚጠፋ ከሆነ ነገሩ ቀላል አይደለም።

የለመድነው ሞባይል ጠጋኝም ከሰፈሩ ጋር ሄዷል። በየመንገዱ ዳር ባለ መስታወት ሣጥን ይዘው ይቀመጡ ከነበሩት ልጆች ብዙዎቹ የት እንደገቡ አይታወቅም። ስለዚህ በየቤቱ አዲስ ልማድ መጥቷል፦ ባትሪውን ከገበያ ገዝቶ፣ የልጅ ልጅን አስቀምጦ፣ እቤት መቀየር። አንዳንዱ ስልክ ለዚህ ይመቻል። አንዳንዱ ግን በጭራሽ አይነካም። ልዩነቱን ማወቅ ከቃጠሎ ያድናል።

ባትሪው ለምን ይደክማል?

በስልካችን ውስጥ ያለው የሊቲየም ባትሪ ነው። ይህ ዓይነት ባትሪ ለመጀመሪያ ጊዜ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1991 በጃፓኑ ሶኒ ኩባንያ ነው። የፈለሰፉት ሦስት ሳይንቲስቶችም እ.ኤ.አ. በ2019 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ባትሪው በተሞላና ባለቀ ቁጥር ጥቂት ጥቂት ያረጃል። ብዙዎቹ ባትሪዎች 500 ጊዜ ያህል ሙሉ ለሙሉ ሞልተው ካለቁ በኋላ የሚይዙት ከመጀመሪያው አቅማቸው አምስት እጅ አራቱን ያህል ነው።

እርጅናውን የሚያፈጥነው ሙቀት ነው። ቀን ቀን በሚግል የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ምድጃ አጠገብ፣ ፀሐይ በሚመታው መስኮት ላይ፣ ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ ትራስ ሥር አስቀምጦ ቻርጅ ማድረግ ነው። ባትሪው ሲጎዳ በውስጡ ጋዝ ይፈጠራል፤ ጋዙ መውጫ ስለሌለው ባትሪው ያብጣል።

መጀመሪያ ባትሪው መሆኑን ያረጋግጡ

ስልክ ቶሎ ባለቀ ቁጥር ጥፋቱ የባትሪው ነው ማለት አይደለም። አስቀድመው ሌላ ሰው ቤት በደንብ በሚሠራ ቻርጀርና ገመድ ይሞክሩት። የቻርጀር መሰኪያው ቀዳዳ ውስጥ የልብስ ብናኝ ተጠቅጥቆ ከሆነ ስልኩን አጥፍተው በደረቅ የእንጨት ስቴኪኒ ቀስ ብለው ያውጡት፤ መርፌ አያስገቡ።

ስልኩ 30 በመቶ እያሳየ ድንገት ከጠፋ፣ ያለ ሥራ ተቀምጦ ከጋለ፣ የጀርባው ክዳን ካልገጥም ካለ ወይም መስታወቱ በጎን ከተነሳ ግን ጥርጣሬው ወደ ባትሪው ነው። አይፎን የያዙ ሰዎች በስልኩ ማስተካከያ ውስጥ የባትሪውን ጤንነት በመቶኛ ማየት ይችላሉ፤ ከ80 በታች ከወረደ የመቀየሪያው ጊዜ ደርሷል።

እቤት የሚቀየረው

የጀርባ ክዳናቸው በጥፍር የሚከፈት ስልኮች እቤት ይቀየራሉ። ባለ በተን ስልኮች በሙሉ ማለት ይቻላል፣ እንዲሁም በብዙ አያቶች እጅ ያሉ የቆዩ ቴክኖ፣ አይቴልና ሳምሰንግ ስልኮች ከዚህ ወገን ናቸው። አሠራሩ ይህ ነው፦

1. ገበያ ሲሄዱ አሮጌውን ባትሪ ወይም ፎቶውን ይያዙ። በላዩ የታተመው የፊደልና የቁጥር መለያ ከአዲሱ ጋር አንድ መሆን አለበት። የቮልቴጁ ቁጥርም እንዲሁ። “ልኩ ይገጥማል” የሚል መልስ አይበቃም።

2. ስልኩን ያጥፉና ከቻርጀር ይንቀሉ። ደረቅ ጠረጴዛ ላይ፣ ከሕፃናት ርቀው ይሥሩ።

3. ክዳኑን በጥፍር ይክፈቱ። ባትሪውን ለማውጣት ቢላ፣ መቀስ ወይም ሹካ አይጠቀሙ።

4. አሮጌውን ባትሪ ጠረጴዛ ላይ አጋድመው በጣትዎ ያሽከርክሩት። እንደ እንዝርት ከተሽከረከረ ሆዱ አብጧል ማለት ነው፤ ስልኩ ቢሠራም መልሰው አይክተቱት።

5. በወርቅማ ቀለም የሚያበሩትን መገናኛዎች በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉ፣ አዲሱን አግጣጥመው ያስገቡ፣ ክዳኑን ይዝጉ።

6. መጀመሪያ ሲሞሉት ሰው ባለበት፣ በጠንካራ ነገር ላይ ይሁን። “አዲስ ባትሪ ስምንት ሰዓት ይሰካ” የሚለው ምክር ለድሮዎቹ የኒኬል ባትሪዎች የነበረ ነው፤ ለዛሬዎቹ አያስፈልግም። ሲሞላ ይንቀሉት።

እቤት የማይነካው

የዛሬ ስማርት ስልኮች አብዛኞቹ ጀርባቸው በማጣበቂያ የታሸገ ነው። ለመክፈት ሙቀት ያስፈልጋል፤ ከውስጥ በቀላሉ የሚበጠስ ቀጭን ሽቦ አለ፤ ባትሪው ራሱም ተለጥፏል። ሰው ባትሪውን ፈልቅቆ ሲያወጣ ያጥፈዋል ወይም ይወጋዋል። በባትሪው ውስጥ ሁለቱን ወገን የሚለየው ግርዶሽ ከወረቀት የቀጠነ ነው። እሱ ከተቀደደ ባትሪው በሰከንዶች ውስጥ ግሎ መርዛማ ጭስና እሳት ይተፋል። ሳምሰንግን የሚያህል ኩባንያ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2016 ጋላክሲ ኖት 7 የተባለውን ስልክ በባትሪው መቀጣጠል ምክንያት ከገበያ ሰብስቦ ማምረቱን አቁሟል።

ስለዚህ የታሸገ ስልክ ወደ ጠጋኝ ይሂድ። ልጅዎ ወይም የልጅ ልጅዎ ቪዲዮ አይቶ “እኔ እሠራዋለሁ” ቢልዎት ጉብዝናውን አመስግነው ቢላውን ይቀበሉት። ጠጋኙን እነዚህን ይጠይቁ፦ ባትሪው ለዚህ ሞዴል የተሠራ ነው? ዋስትናው ስንት ቀን ነው? ፊት ለፊቴ ትሠራዋለህ? የሚስጥር ቁጥርዎንና የቴሌብር ፒንዎን አይስጡ፤ ለመሞከር መክፈት ካስፈለገ ራስዎ ይክፈቱ። ሲጨርስ ድምፁን፣ ካሜራውንና ጥሪውን እዚያው ይሞክሩ። ውኃ የማያስገባ የነበረ ስልክም ከተከፈተ በኋላ እንደ ድሮው ውኃ እንደማይችል ይወቁ።

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሕግ፣ ከየካቲት 2027 ጀምሮ በአባል አገራቱ የሚሸጡ ዕቃዎች ባትሪ፣ ከአንዳንድ ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር፣ ተጠቃሚው ራሱ ሊያወጣው የሚችል እንዲሆን ይጠይቃል። ክዳኑ በጥፍር የሚከፈት ስልክ ኋላ ቀር አልነበረም ማለት ነው።

ባትሪው ካበጠ ወይም ከጨሰ

ያበጠ ባትሪ አይጫን፣ አይበሳ፣ ቻርጅ አይደረግ። “አየሩን ላስወጣለት” ብሎ በመርፌ መብሳት እሳት መጥራት ነው። ሕፃናት በማይደርሱበት፣ ሊቀጣጠል ከሚችል ነገር በራቀ ቦታ፣ ደረቅ አሸዋ ባለበት የብረት ጣሳ ውስጥ ያኑሩት፤ ሳይውሉ ሳያድሩም ለጠጋኝ ያስረክቡት። ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ አይጣል፤ ለልጅም መጫወቻ አይሆንም።

ስልኩ ቻርጅ ላይ እያለ ከጨሰ እጅዎን ወደ ስልኩ አይስደዱ። ያለ አደጋ መድረስ ከቻሉ መብራቱን ከቆጣሪው ያጥፉ። ልጆቹን ይዘው ይውጡ፣ በሩን ከኋላዎ ይዝጉ፣ ወደ 939 እሳት አደጋ ይደውሉ። ጭሱ ሳንባ ይጎዳል።

ካቃጠለ

በነርስነት በሠራሁባቸው ዓመታት ቃጠሎው ላይ የጥርስ ሳሙና፣ ዱቄት ወይም ቅቤ ተለቅልቆ የሚመጣ ልጅ ብዙ አይቻለሁ። እነዚህ ሁሉ ሙቀቱን አፍነው ይይዛሉ፤ ሐኪሙ ሲያጥባቸውም ሕመሙ ይደገማል። ቃጠሎ የሚፈልገው ውኃ ነው። ቀዝቃዛ የቧንቧ ውኃ ለ20 ደቂቃ ያፍስሱበት። ቧንቧ ከሌለ ከጀሪካን በጆግ ቀስ እያሉ ያፍስሱ፤ በረዶ ግን አይጠቀሙ። እብጠት ሳይመጣ ቀለበትና አምባር ያውልቁ፤ ቆዳ ላይ የተጣበቀ ልብስ ካለ አይጎትቱት። ሌላውን ሰውነት በጋቢ ያሙቁ፣ በተለይ ሕፃን ከሆነ። ከዚያ ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍነው ይሂዱ። የሚያብረቀርቀውን ውኃ ያዘለ ልጣጭ አያፍርጡ።

ፊት፣ እጅ ወይም ብልት ከተቃጠለ፣ ቁስሉ ከተጎጂው መዳፍ ከሰፋ፣ ወይም ጭስ የተነፈሰው ሰው ካሳለና ድምፁ ከጎረነነ ሳይዘገዩ ሐኪም ቤት ይሂዱ። ስድስት ኪሎ ያለው የካቲት 12 ሆስፒታል በቃጠሎ ሕክምና ይታወቃል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው።

እነዚህን ሁለት ቁጥሮች፣ የቅርብ ልጅዎንና የዕድሩን ዳኛ ቁጥር ጨምረው፣ በወረቀት ጽፈው በሩ ላይ ይለጥፉ። ስልኩ የጠፋ ዕለት ቁጥሩም አብሮት ይጠፋልና፤ ወረቀቱ ካለ ከጎረቤት ስልክ ይደወላል።