ኮርቻው ለምን ይዞራል? ስለ እንጨት አልባ ኮርቻ፣ ስለ አንቀልባ እና ስለ አያቴ አንድ ጥያቄ

ባለፈው ዓመት አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ በሻሮን አካባቢ ባለ አንድ የፈረስ ግቢ ውስጥ፣ የሰባት ዓመት ልጅ ከነኮርቻው ወደ ጎን ሲዞር አየሁ። በበጎ ፈቃደኝነት የማገለግለው «ሬኺባ ቲፑሊት» በሚባለው፣ ማለትም በፈረስ ግልቢያ አማካይነት በሚሰጠው ሕክምና ላይ ነው። ሥራዬ ቀላል ነው፤ ከፈረሱ ጎን እየሄድኩ የልጁን እግር መደገፍ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጁ የወደቀው ክንዴ ላይ ነበር። እሱ ሳቀ፤ እኔ ግን እስከ ማታ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ኃላፊዋ የሰጠችኝ መልስ አጭር ነበር፤ «ኼቬኩን አጥብቂው»። ኼቬክ በዕብራይስጥ በፈረሱ ሆድ ሥር የሚያልፈው ማሰሪያ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት አጠበቅኩት። ሾኮ (የፈረሱ ስም ነው) ጆሮዎቹን ወደ ኋላ አጥፎ ሊነክሰኝ ሞከረ። ከሃያ ደቂቃ በኋላም ኮርቻው እንደገና መንሸራተት ጀመረ፤ አሁንም ወደ ግራ።

ቅዳሜ ኔቬ ኦዝ አያቴ ቤት ቡና ላይ ነገሩን አወራሁ። አያቴ ወገራ ውስጥ ያደጉ ሰው ናቸው፤ በቅሎ ጭነዋል፣ ፈረስ ጋልበዋል። ሰምተው ሲያበቁ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ።

«ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን ነው?»

«አዎ አባባ፣ ሁልጊዜ ወደ ግራ።»

«እንግዲያስ ልጄ፣ ኮርቻውን ተዪውና መጀመሪያ ፈረሱን እዪው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን አይሁን።»

ተረቱን ለማታውቁት፦ ዳውላ አህያ ላይ የሚጫነው የእህል ጭነት ነው። ሰውየው አህያውን መምታት ፈራና ጭነቱን ደበደበ ይባላል። ጥፋቱ ሌላ ቦታ ሆኖ የሚቀለንን ነገር ስንመታ የሚነገር ነው። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ በሙሉ እዚያ ተረት ውስጥ አለ ማለት ይቻላል፤ ግን ደረጃ በደረጃ እንየው።

ኮርቻ እንጨት የሚያስፈልገው ለምንድን ነው?

የአገራችን ኮርቻ በውስጡ እንጨት አለው። ሁለት ጠፍጣፋ ሳንቃዎች ከፈረሱ አከርካሪ ግራና ቀኝ ይተኛሉ፤ ከፊትና ከኋላ ከፍ ያሉ እንጨቶች ያገናኟቸዋል፤ ላዩ በቆዳ ይለበጣል፤ ከሥሩ ደግሞ ወፈር ያለ ምንጣፍ ይደረጋል። የዚህ አሠራር ጥቅም ሁለት ነው። አንደኛ፣ የጋላቢው ክብደት በአንድ ነጥብ ላይ ሳይሆን በሳንቃዎቹ ርዝመት ሁሉ ይከፋፈላል። ሁለተኛ፣ ሳንቃዎቹ አከርካሪውን እንደ ጣሪያ ከሁለት ወገን ስለሚይዙት ኮርቻው በቀላሉ አይዞርም።

ይህ ኮርቻ በሥራ ላይ ሆኖ ማየት የሚፈልግ ሰው በአማራ ክልል አዊ ዞን እንጅባራ ላይ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የሚደረገውን የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓል ይመልከት። ማኅበሩ በ1930ዎቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተመሠረተ ሲሆን፣ በዓሉ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ የዘመቱትን ፈረሶችና ፈረሰኞች ያስታውሳል። በብዙ አካባቢ የሚታወቀውን የጉግስ ጨዋታም አስቡ፤ አንዱ በሙሉ ፍጥነት ይሸሻል፣ ሌላው ያሳድዳል፣ ዱላ ይወረወራል፣ ጋላቢው ጎንበስ ቀና ይላል። ኮርቻው ቢዞር ጨዋታው በአጥንት ስብራት ነው የሚያልቀው።

እንጨት አልባ ኮርቻ (በዕብራይስጥ «ኡካፍ ሌሎ ኤጽ») ግን ሌላ ሐሳብ ነው። በውስጡ ጠንካራ አጽም የለም፤ ቆዳ፣ ስፖንጅና ጨርቅ ነው። በሕክምና ግልቢያ የሚወደድበት ምክንያት አለው። ልጁ የፈረሱ ጀርባ ሲንቀሳቀስ በደንብ ይሰማዋል፣ ሙቀቱም ይደርሰዋል። ቅርጹ ስለሚታጠፍም ለተለያዩ ፈረሶች ይሆናል ተብሎ ይታሰባል።

ነገር ግን ነፃ ስጦታ የለም። በ2012 በሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ እነ ሂላሪ ክላይተን ሁለቱን የኮርቻ ዓይነቶች በግፊት መለኪያ አነጻጽረው ነበር። እንጨት ያለው ኮርቻ ክብደቱን በሰፊ ቦታ ሲከፋፍለው፣ እንጨት አልባው ግን ግፊቱን ጋላቢው በተቀመጠበት አካባቢ ሰብሰብ አደረገው። ስለዚህ «ለስላሳ ነው፣ ፈረሱን አይጎዳም» ማለት ሁልጊዜ እውነት አይደለም።

የአንቀልባ ትምህርት

እንጨት አልባ ኮርቻ የሚዞርበትን ምክንያት ለመረዳት እናቶቻችን እኛን ያዘሉበትን አንቀልባ አስቡ። አንቀልባም አጽም የለውም፤ ለስላሳ ነው። ታዲያ ሕፃኑ ለምን ወደ ጎን አይንሸራተትም? ማሰሪያው በወገብ ዙሪያ ብቻ ስለማያልፍ ነው። በትከሻና በደረት በኩልም ይያዛል። በዚያ ላይ የእናትየዋ ገላ ቅርጽ አለው፤ ትከሻ አለ፣ ወገብ አለ። አሁን ያንኑ አንቀልባ እንስራ ላይ በአንድ መቀነት ብቻ እሰሩትና ጎኑን ገፋ አድርጉት። ወዲያው ይዞራል።

ፈረስም እንደዚያው ነው። ከአንገቱ በታች ትከሻዎቹ የሚገናኙበት ከፍታ ጎልቶ የሚታይ ፈረስ ኮርቻውን በቅርጹ ይይዛል። እንደ ሾኮ ያለ ወፈር ያለና ጀርባው ክብ የሆነ ፈረስ ግን እንስራ ነው። አጽም ያለው ኮርቻ በሳንቃዎቹ ይህን በከፊል ይቋቋማል። እንጨት አልባው ግን የሚተማመነው በሦስት ነገሮች ነው፦ በሰበቃ፣ በማሰሪያዎቹ አቅጣጫና በጋላቢው ሚዛን።

ምን ይደረግ?

የመጀመሪያው ምንጣፉ ነው። ሰው ኮርቻ ሲንሸራተትበት ሌላ ምንጣፍ ይጨምራል። ይህ ብዙ ጊዜ ነገሩን ያብሰዋል። በወፍራም ካልሲ ላይ ጫማ እንደማድረግ ነው፤ እግር ውስጥ ይጫወታል። የሚሻለው አንድ፣ ለእንጨት አልባ ኮርቻ ተብሎ የተሠራ ምንጣፍ ነው፤ በግራና በቀኝ ጠንከር ያለ ስፖንጅ ኖሮት መሐሉ ላይ ለአከርካሪው ክፍት ቦይ ያለው፣ ከላይም ከታችም የማያንሸራትት ጨርቅ የለበሰ። የአያቶቻችን ሳንቃዎች የሚሠሩትን ሥራ በከፊል ይተካል። የፈረሱ ጀርባ ንጹሕና ደረቅ መሆኑንም እዩ፤ ላብና አቧራ ሲደባለቁ ያንሸራትታሉ፣ ቆዳውንም ይልጣሉ። አያቴ «ገጣባ» የሚሉት የጀርባ ቁስል የሚጀምረው እንዲህ ነው።

ሁለተኛው የሆድ ማሰሪያው ነው። ጥያቄው «ምን ያህል ጠብቋል?» ብቻ አይደለም፤ «በሁለቱም ጎን እኩል ነው ወይ?» የሚለውም ነው። በአንድ ጎን ብቻ ላስቲክ ያለው ማሰሪያ በዚያ በኩል ይለጠጥና ኮርቻውን ወደ ሌላው ጎን ይለቀዋል። ስትጭኑ ቀስ ብላችሁ በሦስት ጊዜ አጥብቁ፤ መጀመሪያ ስትጭኑ፣ ከዚያ ጥቂት እርምጃ ካስኬዳችሁት በኋላ፣ በመጨረሻም ከመውጣታችሁ በፊት። ብዙ ፈረስ ሲታሰር ሆዱንና ደረቱን ይወጥራል፤ ሲራመድ ይለቀዋል። ሁለት ጣት በማሰሪያውና በቆዳው መሐል በጥረት መግባት አለበት። ጨርሶ የማይገባ ከሆነ ፈረሱ መተንፈስ ይቸግረዋል፣ እንደ ሾኮም ለመንከስ ይዞራል። ያ ጥጋብ አይደለም፤ አቤቱታ ነው።

ሦስተኛው ተጨማሪ ማሰሪያዎች ናቸው። የኢትዮጵያ ደጋ ዳገትና ቁልቁለት ነው። ዳገት ላይ ኮርቻ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ስለዚህ ከደረት የሚያልፍ ማሰሪያ አለ። ቁልቁለት ላይ ወደ ፊት ይሄዳል፤ በተለይ በበቅሎ ላይ፣ ምክንያቱም የበቅሎ ትከሻ ዝቅ ያለ ነው። ስለዚህ ከጅራት ሥር የሚያልፍ ማሰሪያ አለ። የደረቱ ማሰሪያ ለእንጨት አልባ ኮርቻም ይረዳል፤ እንደ አንቀልባው ትከሻ ማለት ነው። ግን ልብ በሉ፣ እነዚህ የሚያግዱት በዋናነት የፊትና የኋላ መንሸራተትን ነው። ወደ ጎን መዞርን ለብቻቸው አያቆሙትም።

አራተኛው አወጣጡ ነው። ከመሬት በአንድ እርካብ ተንጠልጥሎ መውጣት ሙሉውን የሰውነት ክብደት በአንድ ጎን መሳብ ነው። እንጨት የሌለው ኮርቻ ይህን አይችልም። ከፍ ያለ ነገር ላይ ቆማችሁ ውጡ፤ አንድ ሰውም በወዲያኛው ጎን እርካቡን ወደ ታች ይጫን። ይህን ለአያቴ ስነግራቸው ሳቁብኝ፤ «ሽማግሌ በቅሎ ላይ ሲወጣ ጎልማሳው ማዶውን እርካብ መያዙ እኮ ወግ ነው! እናንተ በዩኒቨርሲቲ ነው የተማራችሁት?» አሉኝ።

አምስተኛው ጋላቢው ነው። ሁለቱ እርካቦች እኩል ርዝመት አላቸው? ልጁ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል? በሕክምና ግልቢያ የሚመጡ ብዙ ልጆች ሚዛን መጠበቅ ይቸግራቸዋል፤ የመጡትም ለዚያው ነው። ስለዚህ ከኋላ ሆኖ የሚያይ አንድ ሰው ያስፈልጋል። የኮርቻው መሐል ከፈረሱ ጅራት ጋር በአንድ መስመር ላይ ከሌለ ማቆም ነው፤ «ትንሽ ነው፣ ይሂድ» አይባልም።

ኮርቻው የሚናገረው

እኔ ይህን ሁሉ በሾኮ ላይ አደረግሁ። ምንጣፉን ቀየርን፣ እርካቦቹን ለካን፣ ማሰሪያውን አስተካከልን፣ ልጁንም ሌላ ልጅ ተካው። ኮርቻው ከበፊቱ ተሻለ፤ ሆኖም ሲሶምሶም አሁንም ወደ ግራ ሸርተት ይል ነበር። የአያቴ ጥያቄ ትዝ አለኝና ማንበብ ጀመርኩ።

በ2013 ሊን ግሬቭና ሱ ዳይሰን የተባሉ ሁለት የፈረስ ሐኪሞች ያሳተሙት ጥናት አገኘሁ። በኋላ እግራቸው የሚያነክሱ ፈረሶችን ሲመረምሩ፣ ከግማሽ በላይ በሆኑት ላይ ኮርቻው ወደ አንድ ጎን እንደሚንሸራተት አዩ፤ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሚታመመው እግር ጎን። የእግሩን ሕመም በማደንዘዣ ሲያስታግሡት፣ ከሞላ ጎደል በሁሉም ላይ መንሸራተቱ ቆመ። ኮርቻው ያው ነው፣ ጋላቢውም ያው ነው፤ የተለወጠው ሕመሙ ብቻ ነው። ፈረሱ አንዱን እግር ሲያሳርፍ ጀርባው በሁለቱ ጎን እኩል አይንቀሳቀስም፤ ኮርቻውም በእያንዳንዱ እርምጃ ትንሽ ትንሽ ይገፋል። ከላይ የተቀመጠ ሰው ማነከሱን ላያውቅ ይችላል፣ ምክንያቱም ገና ለዓይን አይታይም።

ጽሑፉን አትሜ ለኃላፊዋ ወሰድኩላት። አላኮረፈችም፤ የእንስሳት ሐኪም ጠራች። ሐኪሙ ሾኮ በግራ የኋላ እግሩ ላይ ቀለል ያለ ማነከስ እንዳለበት አገኘ። ሾኮ ለሁለት ወር ያህል ዕረፍትና ሕክምና አገኘ። ሲመለስ፣ በዚያው እንጨት አልባ ኮርቻ፣ በአዲሱ ምንጣፍ፣ ኮርቻው መሐል ላይ ቆመ። እኔ «አጥብቂው» የተባልኩትን ብቻ ይዤ ብቀጥል ኖሮ፣ የታመመን እንስሳ በየሳምንቱ ደረቱን እያነቅኩ ልጅ እጭንበት ነበር።

ፈረስ የእኛም ነው

አንዳንዶቻችሁ «ፈረስ የሀብታም ነገር ነው፣ ከእኛ ጋር ምን አገናኘው?» ትሉ ይሆናል። ቃሎቹን ብቻ ተመልከቱ። «ፈረስ» እና በዕብራይስጥ ፈረሰኛ ማለት የሆነው «ፓራሽ» አንድ ሥር ናቸው። «እርካብ» እና መጋለብ ማለት የሆነው «ሊርኮቭ»ም እንደዚሁ። ይህች በ1878 የተቆረቆረች ከተማችን ፔታህ ቲክቫም የፈረሰኛ ታሪክ አላት፤ ከ1870 እስከ 1965 የኖረው አቭራሃም ሻፒራ ስሙን ያገኘው እርሻዎቿን በፈረስ ሆኖ በመጠበቅ ነው። በኢትዮጵያ ደግሞ ነገሥታት በፈረስ ስማቸው ይጠሩ ነበር፤ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው።

ወላጆቻችንና አያቶቻችን እዚህ ሲደርሱ በቅሎውም ኮርቻውም እዚያው ቀርቷል። እውቀቱ ግን አብሯቸው መጥቷል፤ ሳሎን ውስጥ ቡና ይዞ ተቀምጧል፣ የሚጠይቀው ሰው ግን ጥቂት ነው። አያቴ ጥናቱን አላነበቡም። ነገር ግን ጭነት ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን ሲያዘነብል መጀመሪያ የእንስሳውን እግር ማየት እንደሚገባ በልጅነታቸው አባታቸው አስተምረዋቸዋል።

ስለዚህ ግቢ ሄዳችሁ የምትጋልቡ፣ ወይም በብሔራዊ አገልግሎት ፈረስ ጋር የምትመደቡ ካላችሁ፣ ቅደም ተከተሉን ያዙ፦ ፈረሱ፣ ምንጣፉ፣ ማሰሪያው፣ አወጣጡ፣ ጋላቢው። ኮርቻው ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን ብቻ ከሄደ ግን ከማጥበቃችሁ በፊት ሐኪም ጥሩ። በሚቀጥለው ሻባትም አያታችሁን «አባባ፣ በቅሎ እንዴት ነበር የሚጫነው?» ብላችሁ ጠይቁ። እኔ ከጠየቅሁ ወዲህ የእኛ ቤት ቡና ከሦስተኛው ሲኒ አልፎም አያልቅም።