ፋርማሲው የሚያየው ክፍተት

በቶሮንቶ ቶርንክሊፍ ፓርክ ፋርማሲ ውስጥ ከባንኮኒው ጀርባ ስለምሠራ፣ ክሮኒክ ማይሎይድ ሉኪሚያ ለሚባለው የደም ካንሰር ኢማቲኒብ ለሚወስዱ ወገኖቼ አንድ ነገር ሹክ ልበል። «በየቀኑ እወስዳለሁ» ሲሉኝ ኮምፒውተሩ ያለፈውን መድኃኒት የወሰዱበትን ቀን ያሳየኛል። የ30 ቀኑ መድኃኒት 40 ቀን ከቆየ መሃል ላይ የተዘለለ ቀን አለ። አንዱ «ድኛለሁ» ብሎ ይተወዋል፤ ሌላው በጾም ምክንያት፤ ልቤን የሚሰብረው ግን ከራሱ ቀንሶ አገር ቤት ላለ ዘመዱ የሚልከው ነው። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ማክስ ፋውንዴሽን በሚባል ድርጅት በኩል ኪኒኑን በነፃ ሲሰጥ ኖሯል፤ መጀመሪያ እዚያ ያጠያይቁ። እዚህ ዋጋው ከከበደዎት ደግሞ ኦንታሪዮ ትሪሊየም የሚባል የመድኃኒት ድጋፍ አላት።

ቀን መዝለል ለምን እንደሚጎዳ ለመረዳት መድኃኒቱ የሚያግደውን ካይኔዝ ማወቅ ያስፈልጋል። ካይኔዝ የሴል ኃይል ተሸካሚ ከሆነው ኤቲፒ ፎስፌት ወስዶ በሌላ ፕሮቲን ላይ የሚለጥፍ ፕሮቲን ነው፤ ሴል ይባዛ ወይም ይረፍ የሚለው ትእዛዝ የሚተላለፈው በዚህ መንገድ ነው። ይህን አሠራር ካስረዱን ሊቃውንት አንዱ ቶኒ ፖውሰን እ.ኤ.አ. በ2013 እስኪያርፍ የሠራው እዚሁ ቶሮንቶ ነው። በክሮኒክ ማይሎይድ ሉኪሚያ ክሮሞዞም 9 እና 22 ቁራጭ ይለዋወጡና ቢሲአር-ኤብል የሚባል፣ ማረፍ የማያውቅ ካይኔዝ ይፈጠራል። ኢማቲኒብ ኤቲፒ የሚገባበትን ቦታ ይዘጋበታል። በሽታውን ግን ከሥሩ አይነቅለውም፤ መድኃኒቱ ከደም ሲቀንስ ካይኔዙ ሥራውን ይቀጥላል።

እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ የለንደን ጥናት ኢማቲኒብ የሚወስዱ 87 ሕሙማንን ተከታትሎ ነበር። ከታዘዘላቸው ከ90 በመቶ በላይ ከወሰዱት ውስጥ 94 በመቶ ያህሉ በ6 ዓመት ጥሩ የሞለኪውል ውጤት (የቢሲአር-ኤብል መጠን በእጅጉ መቀነስ) ሲያገኙ፣ ከዚያ በታች ከወሰዱት ያገኙት 28 በመቶ ብቻ ነበሩ። 90 በመቶ ማለት በወር 3 ቀን መዝለል ነው!

ተራው የደም ቆጠራ ተስተካከለ ብለው አይዘናጉ፤ የቢሲአር-ኤብልን መጠን የሚለካውን የፒሲአር ምርመራ ውጤትዎን በቁጥር ይጠይቁ። ኢማቲኒብን ከምግብና ከብርጭቆ ሙሉ ውሃ ጋር ይውሰዱ፤ የታዘዘልዎ በቀን አንዴ ከሆነ፣ በጾም ጊዜ ከጾም መፍቻው ማዕድ ጋር ይውሰዱት። ዓይንዎ ሥር ቢያብጥ ወይም ጡንቻዎ ቢሸማቀቅ ሐኪሙ መላ አለው፤ በራስዎ አያቁሙ።

ሐኪሙ «ስንት ቀን ዘለልክ?» ሲልዎ እውነተኛውን ቁጥር ይንገሩት። ከደበቁት መድኃኒቱ አልሠራም ብሎ ወደ ሌላ ሊቀይረው ይችላል፤ ያኔ ሳያስፈልግ አንድ አማራጭ ያጣሉ።