ቶንሲልና ጭራው

ፍኖተ ሰላምም ይሁን ቡሬ፣ ጤና ጣቢያ ተራ ከሚጠብቁት መካከል «ቶንሲል አለብኝ» የሚል አይጠፋም። ቶንሲልማ የሌለው ማን አለ! በጉሮሮ ግራና ቀኝ የተቀመጠ የአካል ክፍል እንጂ በሽታ አይደለም። ሐኪሙ ካርዱ ላይ የሚጽፈው «ቶንሲላይቲስ» ብሎ ነው፤ በሽታው ያለው መጨረሻ ላይ በተቀጠለችው «አይቲስ» ውስጥ ነው። አማርኛ ተናጋሪው ቅጥያዋን ጥሏት ይግባባል፤ «ጨጓራ አለብኝ»፣ «ኩላሊት አለበት» እያለ ሕመሙን በታመመው አካል ስም መጥራት የለመደ ነውና። «ጋስትራይት» ሲል ግን ግማሿን ቆርጦ ግማሿን አስቀርቷል።

«አይቲስ» ከግሪክ የመጣች ናት። ጥንት ፍቺዋ «የዚህ አካል የሆነ» ከማለት አያልፍም፤ «በሽታ» የሚል ስም ይከተላት ነበር። ስሙ እየቀረ ሲሄድ ትርጉሙን ቅጥያዋ ወረሰችው፤ ዘመናዊው ሕክምና ደግሞ ለመቆጣት ብቻ መደባት። አሜሪካዊው ሐኪም ሬጂናልድ ፊትዝ በ1886 እ.ኤ.አ. የትርፍ አንጀትን መቆጣት «አፔንዲሳይቲስ» ብሎ ሰየመው፤ መድኃኒቱም ቶሎ ቆርጦ ማውጣት ነው ሲል ተከራከረ። ለቆርጦ ማውጣቱ ሌላ ቅጥያ አለ፦ «ኤክቶሚ»።

እዚህ ላይ አንድ ፊደል ዋጋ ያስከፍላል። «ጋስትሮቶሚ» ጨጓራን መቅደድ ነው፤ «ጋስትሮስቶሚ» ከጨጓራ ወደ ውጭ የሚወጣ ቀዳዳ ማበጀት፤ «ጋስትሬክቶሚ» ደግሞ ጨጓራን በከፊል ወይም በሙሉ ማስወገድ።

ለምዕራብ ጎጃም ገበሬ ከሁሉም የሚቀርበው ግን «ኦሲስ» ነው። እግር አብጦ ቆዳው ሲሻክር አማርኛ ዝሆንን ወስዶ «ዝሆኔ» አለው፤ ግሪክኛም እንዲሁ ዝሆን ላይ የ«ኦሲስ»ን እህት «ያሲስ»ን ቀጥሎ «ኤሌፋንቲያሲስ» አለ። ሁለቱም መልኩን እንጂ መንስኤውን አይናገሩም። በብዙ አገር እግር የሚያሳብጠው በትንኝ የሚተላለፍ ትል ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ የሠራው እንግሊዛዊ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ግን በደጋው ያለው ከትል ጋር እንደማይገናኝ አሳየ፤ ከእሳተ ገሞራ የተገኘ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር መሄድ ነው መነሻው። ስሙም «ፖዶኮኒዮሲስ» ሆነ፦ «ፖዶ» እግር፣ «ኮኒ» አቧራ፣ «ኦሲስ» የሕመም ሁኔታ። የማዕድን ሠራተኞችን ሳንባ የሚጎዳው «ኒሞኮኒዮሲስ»ም በዚሁ ጭራ ያልቃል፤ እዚያ አቧራው በአፍንጫ፣ እዚህ በእግር ይገባል። በደምበጫና በደብረ ኤልያስ ወረዳዎች ተጠንቶ በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ከመቶ አዋቂዎች ከ3 በላይ የሚሆኑት ይህ ሕመም እንዳለባቸው አግኝቷል። ጫማና የእግር ንጽሕና የሚከላከሉት በሽታ መሆኑን ስሙ ራሱ ይጠቁማል፤ «ዝሆኔ» ይህን አይነግርም።

ይሁንና ቅጥያ ሁልጊዜ አይታመንም። «ሊምፎማ»ና «ሜላኖማ» የካንሰር ስሞች ናቸውና ተማሪው «ኦማ» ያየበትን ሁሉ እጢ ነው ሊል ይችላል። «ትራኮማ» ግን እጢ አይደለም። የዐይን ሽፋን ውስጡ ሻካራ መሆኑን የሚናገር፣ ቅጥያዋ ለእጢ ከመመደቧ በፊት የወጣ ስም ነው። ባዮሎጂን በእንግሊዝኛ መማር የሚጀምር የገጠር ልጅ ቅጥያን ከአማርኛው ያውቀዋል፤ ከ«ጤና» «ጤነኛ»፣ ከ«በሽታ» «በሽተኛ» ሲል ኖሯል። ያልለመደው ከሕክምና ስሞቹ በስተጀርባ ያለውን ግሪክኛ ነው።

የመድኃኒት ስሞችም በጭራቸው ይታወቃሉ። የዓለም ጤና ድርጅት የመጀመሪያውን የጋራ መጠሪያዎች ዝርዝር ያወጣው በ1953 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ተቀራራቢ መድኃኒቶች በአንድ ቅጥያ እንዲያልቁ ይደረጋል። ፔኒሲሊን የማይስማማው ሰው «አሞክሲሲሊን» ሲታዘዝለት «ሲሊን» የምትለዋን አይቶ መጠየቅ ይችላል። «ዞል» ግን ብቻዋን አትበቃም፤ ኦሜፕራዞል ለጨጓራ፣ አልቤንዳዞል ለሆድ ትላትል፣ ሜትሮኒዳዞል ለአሜባ ይሰጣልና፣ አንባቢው ትንሽ ወደ ኋላ ተመልሶ «ፕራዞል»፣ «ቤንዳዞል»ና «ኒዳዞል» ብሎ መለየት አለበት።