ከውሃ በታች ፎቶግራፍ ለማንሣት የሚሻ አስቀድሞ በየብስ ይማር

በአሶሳ በማንጎ ዛፍ ጥላ ሥር ወንድሙን አቁሞ ፎቶግራፍ የሚያነሣ ጀማሪ፥ ብዙ ጊዜ የሚወጣለት ሥዕል ከበስተኋላ ያለው ሜዳ ብሩህ፥ የወንድሙ ፊት ግን ዓይኑና አፍንጫው የማይለይ ጥቁር ነው። ይህም የሚሆነው መኪናው የሜዳውን የፀሓይ ብርሃን መጥኖ የፊቱን ስለሚተወው ነው። መድኃኒቱም የብርሃን መግቢያውን ቀዳዳ ማስፋት፥ ወይም መዝጊያውን ማዘግየት፥ ወይም ሰውየውን ወደ ብርሃኑ ማዞር ነው። ይህን ሳያውቅ ወደ ውሃ የሚገባ ሰው ምን ይዞ ይወጣል?

ነገሩን ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል በጉባ የተሠራው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ የሚይዘውን የንጋት ሐይቅን አይቶ «ከታች ያለውን ላንሣ» የሚል ወጣት በየቤቱ መነሣቱ አይቀርም። ወላጅም ውሃ የማያስገባውን ሣጥን፥ ብዙ ጊዜ ከመኪናው ይልቅ የሚወደደውን፥ ለመግዛት ባይቸኩል መልካም ነው።

የውሃ ጠባይ ከአየር ልዩ ነውና። ቀይ ቀለም በጥቂት ሜትር ጥልቀት ይደበዝዛል፤ በ4 ክንድ ርቀት ያለው ነገር በ3 ክንድ ያለ ይመስላል። ፈረንሳዊው የእንስሳት ሊቅ ሉዊ ቡታን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1893 ዓ.ም. በባንዩል ባሕር ፎቶግራፍ ሲያነሣ፥ ከብርሃኑ ማነስ የተነሣ ለአንድ ሥዕል እስከ 30 ደቂቃ መጠበቅ አስፈልጎት ነበር። ዓባይ ደግሞ በክረምት አፈር ተሸክሞ ስለሚወርድ፥ ከመኪናው አጠገብ የሚበራ ፍላሽ ደለሉን ያበራዋል፤ ሥዕሉም በረዶ የዘነበበት ይመስላል።

ከሁሉ የሚከብደው የሕይወት ነገር ነው። በየብስ የተሳሳተ ሰው መኪናውን አውርዶ ያስባል፤ በውሃ ውስጥ ግን የሚተነፍሰው አየር የተወሰነ ነው። ጣቱ መዝጊያውን በዳሰሳ የማያገኝ ጠላቂ መኪናውን ሲመረምር አየሩን ይረሳል፤ ደንግጦም ትንፋሹን እንደ ያዘ ወደ ላይ ቢወጣ ሳንባው ሊቀደድ ይችላል። በዓባይ አዞና ጉማሬ መኖራቸውም አይዘነጋ። ስለዚህ ልጁ መጥለቅን ከሠለጠነ አስተማሪ፥ ፎቶግራፍን በየብስ፥ ለየብቻቸው ይማር።

እስከዚያው በቤት የሚሠራ ልምምድ አለ። በትልቅ ብርጭቆ ንጹሕ ውሃ ሞልቶ፥ ቀይ የበርበሬ ዛላ በክር ከጠጠር ጋር አስሮ ይክተትበትና በጎን በኩል ያንሣው። ቀጥሎ ጥቂት አፈር በጥብጦ፥ አንድ ጊዜ መብራቱን ከፊት፥ አንድ ጊዜ ከጎን አድርጎ ደግሞ ያንሣ። ሦስቱን ሥዕሎች ደርድሮም ደለሉ በየትኛው እንደ በዛ፥ ስለ ምንም እንደ ሆነ ለአባቱና ለእናቱ ያስረዳ።