ደረት ላይ የምትለጠፈው ትንሿ ኤሌክትሮድ

ትንፋሽ ያጠረው ወይም ልቡ ያለቅጥ የሚመታ ሕመምተኛ ጎጃም ውስጥ ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ሆስፒታል ሲደርስ፣ ነርሷ ደረቱን ገልጣ ክብ ክብ ተለጣፊዎች ታደርግበታለች። ከዚያ ሽቦ ትገጥምና ሞኒተሩን ታበራለች። አስታማሚው ዓይኑን ከስክሪኑ አይነቅልም። ስክሪኑ ግን የሚያሳየው ተለጣፊዋ የምታቀብለውን ብቻ ነው።

ይህች ተለጣፊ ኤሌክትሮድ ትባላለች። ስፋቷ ቢበዛ አምስት ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። አካሏ ስስ ስፖንጅ የሚመስል ፎም ሲሆን፣ በላይዋ ሽቦው ጠቅ ብሎ የሚገጠምባት የብረት ጉብ አለች። ከሥር ያለው ፕላስቲክ ሲላጥ ዙሪያውን ሙጫ፣ መሐሉ ላይ ደግሞ ጨው ያለበት እርጥብ ጄል ይታያል። ከጄሉ ጋር የምትነካካው ትንሽ ክብ ነገር ብር የተቀባች ናት፤ ገጽታዋም ብር ክሎራይድ የሚባል ውህድ ለብሷል።

ይህ ሁሉ ለምን አስፈለገ? ልብ በመታ ቁጥር ቆዳ ላይ የሚደርሰው ኤሌክትሪክ አንድ ሚሊ ቮልት ገደማ ነው። የአንድ የእጅ ባትሪ ድንጋይ ጉልበት ከዚህ 1,500 እጥፍ ይበልጣል። በዚያ ላይ በሰውነት ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚሸከሙት አዮኖች ሲሆኑ በሽቦ ውስጥ ግን ኤሌክትሮኖች ናቸው። በሁለቱ መካከል ርክክቡ የሚካሄደው በብርና በብር ክሎራይዱ ላይ ነው። ፎሙ ደግሞ ጄሉ ቶሎ እንዳይደርቅ፣ በሽተኛው ሲገላበጥም ንክኪው እንዳይናወጥ ያግዛል።

የልብን ኤሌክትሪክ በጥራት የሚመዘግብ መሣሪያ የሠሩት ሆላንዳዊው ቪለም አይንትሆቨን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1924 የኖቤል ሽልማት ያገኙትም በዚሁ ሥራ ነው። በእሳቸው ዘመን ታካሚው እጆቹንና እግሩን የጨው ውኃ በሞላባቸው ዕቃዎች ውስጥ ነክሮ ይቀመጥ ነበር። የዛሬዋ ጄል የዚያን የጨው ውኃ ሥራ ትሠራለች።

ኤሌክትሮድ መለጠፍ ቀላል ይመስላል፤ ጥንቃቄው ግን ብዙ ነው። ከገጠር የመጡ እናት አንገታቸውና ደረታቸው ቅቤ ነክቶት ከሆነ ሙጫው አይይዝም፤ በሳሙናና በውኃ ታጥቦ በደንብ መድረቅ አለበት። የገበሬው ደረት ላብና አቧራ ካለበትም እንዲሁ ነው። ጠጉር ከበዛ ይቆረጣል። በአንገት ያለ የብረት መስቀል ከኤሌክትሮዱ እንዳይነካካ ማተቡ ሳይበጠስ ወደ ጎን ይደረጋል። ብዙ ሰው ኤሌክትሪክ የሚገባበት እየመሰለው ይፈራል። «እማማ፣ አይፍሩ፤ ምንም አይገባብዎትም፤ ከልብዎ የሚወጣውን ነው የምናየው» ብሎ ማስረዳት የሥራው አካል ነው።

የሽቦዎቹም ቀለም ያሳስታል። በአውሮፓው አሠራር ቀዩ የቀኝ ትከሻ ሲሆን፣ በአሜሪካው ደግሞ ቀዩ የሚገባው በግራ ጎን በኩል ወደ ታች ነው። ከተለያየ አገር የተገኙ ማሽኖች ባሉበት ክፍል በቀለም ብቻ መተማመን አይቻልም፤ በሽቦው ላይ የተጻፈውን ማንበብ ይገባል።

ትልቁ ጠላት ድርቀት ነው። ማሸጊያው ተቀዶ የቆየ ወይም ጊዜው ያለፈበት ኤሌክትሮድ ጄሉ ይደርቃል። ያኔ ሞኒተሩ ያለምክንያት ይጮኻል፤ መስመሩ ይንቀጠቀጣል ወይም ይጠፋል። ጩኸቱ ሲደጋገም ባለሙያው ይሰለቻል፤ እውነተኛው አደጋ የመጣ ዕለት ሊዘናጋ ይችላል። ተልጣ የወጣችን ኤሌክትሮድ በፕላስተር አጣብቆ ለሌላ ሰው መጠቀምም ምልክቱን ያበላሻል፤ ተሐዋስያንንም ያስተላልፋል። የተሠራችው ለአንድ ታካሚ ነው።

በአገራችን በልጅነት ካልታከመ የጉሮሮ ሕመም የሚመጣው የልብ በሽታ ብዙ ወጣቶችን ያጠቃል። እነዚህ ልጆች ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ አዲስ አበባ ሪፈር እስኪባሉ ድረስ የልባቸው ምት የሚጠበቀው በቅርባቸው ባለው ሆስፒታል ነው። ስለዚህ ኤሌክትሮድ እንደ መድኃኒት ተቆጥሮ በየዓመቱ ዕቅድ ውስጥ መግባት አለበት። በውጭ የምትኖሩ የጎጃም ልጆችም ለትውልድ ቀያችሁ ሞኒተር ስትልኩ፣ ማሸጊያው ያልተከፈተና ጊዜው ያላለፈ ኤሌክትሮድ አብራችሁ ላኩ። ያለ እሷ ሞኒተሩ የማንንም ልብ አያይም።